ገመዱ መሬት ይደርሳል ወይ?

«ደርሳችኋል» አለ ስልኩ።

የቆምነው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከፊታችን አየር፣ ከጫማችን ጫፍ ወዲያም አየር፤ ከዚያ በታች የጥዶቹ ራስ ተደርድሮ ይታያል። ልጄ ስልኩን ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣ «አባዬ፣ የቀረን ዜሮ ሜትር ነው» አለኝ። የምንፈልገው ሣጥን ግን እዚያ የለም። ያለው ከእኛ በታች፣ በገደሉ ፊት ላይ ባለች አንዲት ጠባብ እርከን ላይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ካልጋሪ መጥቼ ታክሲ መንዳት ከመጀመሬ በፊት ደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚባሉትን መሥመሮች ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሣልኋቸው ቁጥሩን አላውቀውም። «በእነዚህ በሁለት ቁጥሮች በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ ይገኛል» እያልሁ ለተማሪዎቼ ስምል ኖሬአለሁ። ለካስ የገደል አናትና የገደል ግርጌ ኬክሮሳቸውም ኬንትሮሳቸውም አንድ ነው! ይህን ለመረዳት የገዛ ልጄ ገደል አፋፍ ላይ ሊያቆመኝ ግድ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሰው ሣጥን ይደብቅና የደበቀበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለሕዝብ ያስታውቃል፤ ሌላው በጂ.ፒ.ኤስ. እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ሲያገኘው በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ቢያሰኘው ከሣጥኑ አንድ ዕቃ ወስዶ ዋጋው የማያንስ ሌላ ዕቃ ይተካል፤ ከዚያም እንደነበረ ደብቆት ይመለሳል። አለቀ። ሽልማት የለ፣ ዳኛ የለ። ልጄ መጀመሪያ ሲነግረኝ «ታዲያ ምን ይገኝበታል?» አልሁት። ትከሻውን ነቀነቀ።

የጨዋታው ታሪክ ግን መምህር የነበረ ሰው ሰምቶ የሚያልፈው አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ለዓመታት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስሕተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርሳል። ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ የቆመው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው። በማግሥቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ሸሽጎ ቁጥሩን አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ የባቄላ ቆርቆሮ ነበር። ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ አገኙት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ሣጥኖች አሉ፤ ምናልባት አንዱ እናንተ ውሻ በምታናፍሱበት መናፈሻ፣ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ጂ.ፒ.ኤስ.ን የማውቀው በክፉ ነበር። ካልጋሪ፣ እንደምታውቁት፣ በቁጥር የተሠራ ከተማ ነው፤ ስትሪቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አቬኑው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከተማው ለአራት ተከፍሎ። ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የበለጠ የሚመች ከተማ ከየት ይመጣል? ራሱ ካርታ ነው። መንገዱን ሁሉ በቃሌ ለማጥናት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ጨረስሁ ስል ስልክ የያዘ ሁሉ መንገድ ዐዋቂ ሆነ፤ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ «በወዲያ በኩል አይሻልም?» ይለኝ ጀመር። ዕድሜዬን ሳርም ኖሬ መታረም መጣ።

ልጄም በ15 ዓመቱ ከእኔ ጋር መነጋገር ቀንሶ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ወዴት ነው?» ስትሉት «ውጭ»፣ «ትምህርትስ?» ስትሉት «ደኅና»። በአማርኛ ስትጠይቁት በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አንድ ማታ ግን ስልኩን ይዞ መጣና «ይሄ ነገር የት እንዳለሁ እንዴት ነው የሚያውቀው?» አለኝ። ተቀመጥ አልሁት። አንዱ ሳተላይት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሰዓቱን እንደሚልክ፣ ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከሰከንድ መቶ እጅ ሰባት ያህል እንደሚፈጅ፣ ስልኩም ያቺን መዘግየት ወደ ርቀት ለውጦ በሦስት ሳተላይቶች ቦታውን እንደሚያገኝ፣ አራተኛው ደግሞ የስልኩን የራሱን ሰዓት ስሕተት ለማረም እንደሚያስፈልግ በናፕኪን ላይ እየሣልሁ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጠመኔ ከጣልሁ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ያን ዕለት ማታ ታክሲዬን ስነዳ እያፏጨሁ ነው የነዳሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ «አባዬ፣ ትሄዳለህ?» አለኝ። ሄድሁ።

መጀመሪያ በቦው ወንዝ ዳር፣ ከዚያ በኖዝ ሂል ፓርክ፣ ከዚያ ወደ ተራራው ወጣን። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ለመፈለጉ ችግር፣ ሁለተኛው ለመሬቱ አስቸጋሪነት። የመሬቱ ነጥብ አንድ ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ይደረሳል። አምስት ከሆነ ያለ ልዩ መሣሪያ አይደረስም፤ ጀልባ፣ የመጥለቂያ ልብስ ወይም ገመድ ያስፈልጋል። ልጄ ዓይኑን የጣለው አምስቱ ላይ ነው።

ሣጥኑ ያለው ከካልጋሪ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ካንሞር በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካሉት ገደሎች በአንዱ ላይ ነው። ከዚህ አልፌ ቦታውን ባልነግራችሁ አትቀየሙኝ፤ አለመንገር የጨዋታው ሕግ ነው። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው በስተቀኝ ያምነስካ የሚባለውን ራሱን የቻለ ግድግዳ ያየዋል። ስሙን የሰጡት የስቶኒ ናኮዳ ሕዝቦች ናቸው፤ የድንጋይ ግድግዳ እንደማለት ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ነው። ልጄ በአድናቆት አፉን ከፍቶ ሲያየው «የእኛ ደሴ እኮ ከዚህ ተራራ ጫፍ ትበልጣለች፤ አዲስ አበባም ትበልጣለች። እኛ ቁርስ የምንበላው ከዚህ በላይ ነው» አልሁት። «እንግዲያው ለምን አትወጣውም?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት መልስ የሚያስተምሯቸው የት እንደሆነ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. ጁን 2022 ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ገመድና መታጠቂያ ያመጣው የጓደኛው ታላቅ ወንድም ነው፤ የ19 ዓመት ጎረምሳ፣ ሁለት ጊዜ በገመድ ወርዶ ያውቃል። ገመዱን የገዛው ከሰው እጅ ነበር፤ አዲስ ሳለ 60 ሜትር ነው ተብሎ። በገመድ ገደል መውረድ አብሴይሊንግ ይባላል፤ እዚህ አገር በብዛት ራፔል ይሉታል። ራፔል በፈረንሳይኛ መልሶ መጥራት ማለት ነው። ገመዱን ገደሉ አናት ላይ ከዐለቱ ጋር በተሰካ የብረት ቀለበት ውስጥ ታሳልፉና እኩል ታጥፉታላችሁ፤ ሁለቱን እጥፍ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፤ ታች ስትደርሱ አንዱን ጫፍ ስትስቡት ገመዱ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የ60 ሜትር ገመድ የሚያወርደው 30 ሜትር ብቻ ነው። ገደሉ 27 ሜትር እንደሆነ፣ ሣጥኑም ከአፋፉ 20 ሜትር ወረድ ብሎ እንዳለ የደበቀው ሰው ጽፏል። ሒሳቡ ይገጥማል።

ጎረምሳው ገመዱን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ መሃሉ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት ከቀለበቱ ጋር አስተካከለና ሁለቱን ጫፎች ወደ ገደሉ ወረወራቸው። ልጄ መታጠቂያውን አጠበቀ። እኔ አጎንብሼ ለማየት ሞከርሁ፤ ገደሉ ሆዱን ወደ ውጭ ስለሚነፋ ታቹ አይታይም።

«ገመዱ መሬት ይደርሳል ወይ?» አልሁ።

«ይደርሳል አባዬ። ምልክቱ መሃሉ ነው።»

«ምልክቱን ማን አደረገው?»

«ፋብሪካው።»

«መቼ?»

ሁለቱ ተያዩ። ያ አስተያየት ይገባኛል፤ ተማሪ መምህሩ ሲነዘንዘው የሚተያየው ዓይነት ነው። እኔ ግን «ጎትቱት፤ እለካዋለሁ» አልሁ። በምን ትለካዋለህ አሉኝ። በክንዴ! የእኔ ክንድ 48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለ ባህላዊ መለኪያዎች ባስተማርሁ ቁጥር በማስመሪያ እለካው ስለነበር አልረሳውም። ዐለቱ ላይ ተቀምጬ ገመዱን ከምልክቱ ጀምሬ እንደ ሸማ ነጋዴ መለካት ጀመርሁ። ጎረምሳው ስልኩን አወጣ። ልጄ ፊቱን ወደ ጥዶቹ አዞረ። አፍሮብኛል።

አንደኛው ጎን 62 ክንድ ሆነ። ሁለተኛው 46።

እንደገና ለካሁት። 46። የመጀመሪያው 30 ሜትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛው 22 ሜትር ነው ማለት ነው። ለካ ገመድ ጫፉ ሲያረጅ ይቆረጣል፤ የቀድሞው ባለቤት ከአንዱ ጎን ስምንት ሜትር ያህል ቆርጦ ጥሎ፣ ምልክቱን እንደነበረ ትቶ፣ «60 ሜትር» ብሎ ሸጦታል። ምልክቱ መሃል መሆኑን ከተወ ቆይቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሣጥኑ 20 ሜትር ላይ ነው። ልጄ በሰላም ወርዶ ያገኘዋል፤ ይፈርማል፤ ደስ ይለዋል፤ «አባዬ አገኘሁት!» ይለኛል። ከዚያ ወደ መሬት መውረዱን ይቀጥላል። ሁለት ሜትር እንደወረደ አጭሩ ጫፍ ከእጁ ሥር ሹልክ ብሎ ያልቃል፤ አጭሩ ሲያልቅ ረጅሙን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ገመዱ ሁሉ በቀለበቱ ውስጥ ተስቦ አብሮት ይወድቃል። አምስት ሜትር፣ በጀርባ፣ ድንጋይ ላይ። ጫፎቹ ላይ ቋጠሮ ቢኖር ቋጠሮው ያቆመው ነበር። «ለምን አልቋጠራችሁም?» ብላቸው «ስንስበው እንዳይጠላለፍ» አሉኝ።

ማንም አልተናገረም። ጎረምሳው ገመዱን መሰብሰብ ጀመረ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። የመጣንበትን መንገድ ይዘን ወረድን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለልጄም የነገርሁት ቆይቼ ነው። እኔ ገመዱን የለካሁት ጠርጥሬ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ልጄ ከዚያ አፋፍ እንዳይወርድ ሰበብ ስፈልግ «እለካለሁ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ብቻውን ቢሄድ ኖሮስ? ታክሲ የሚበዛበት ቅዳሜ ነው ብዬ ቀርቼስ ቢሆን? ወደ ካልጋሪ የተመለስነው ዝም ብለን ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ልጄ «ስድሳ ሁለትና አርባ ስድስት» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደብረ ዳሞ ትዝ አለኝ። በ24 ዓመቴ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ ትግራይ ሄጄ ወጥቼዋለሁ። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፤ ትውፊቱ እርሳቸውን ዘንዶ ተሸክሞ አወጣቸው ይላል። ዘንዶ የሌለው ምእመን ደግሞ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ግድግዳ በተገመደ ቆዳ ይወጣል። ወፍራሙን ገመድ በእጅ ይይዛል፤ ሁለተኛውን በወገቡ ያስሩለታል፤ እሱን ከላይ መነኩሴ ይስቡታል። ግማሽ ላይ ስደርስ ክንዴ ዛለ፤ እግሬ ዐለቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ወገቤን የያዘው ጠፍር ግን አልላላም። አናቱ ላይ በደረቴ ተኝቼ ትንፋሼ ሲመለስ፣ ገመዱን የያዙትን አባት «አባቴ፣ ይህ ጠፍር ስንት ዓመቱ ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ከወጣህ በኋላ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉኝ።

ባልደረቦቼ ይህችን ደሴ እስክንገባ ድረስ ሲስቁባት ከረሙ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ልጄ በመከር ወራት መጥቶ «በትክክል እንማረው» አለኝ። ባለቤቴ «ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም፤ እዚህ ደግሞ ጤነኛ ሰው አይወጣም» ብላ ብትቃወምም ክረምቱን ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን የቤት ውስጥ መወጣጫ ግድግዳ ላይ ተማርን። የመታጠቂያ አጠባበቅ፣ የቋጠሮ ዓይነት፣ ገመዱን የሚያንቀውን ብረት አገባብ፤ ከእኔ ጋር የሚማሩት ሁሉ የልጄ እኩዮች ነበሩ። መምህራችን ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ቋጠሮዬን አይቶ «ፍታውና ድገመው» ሲለኝ፣ በዘመኔ ስንቱን ተማሪ «ደብተርህን እንደገና ጻፈው» እንዳልሁት አስታወስሁ። የተማርሁት ትልቁ ነገር፣ ልምድ ያላቸው ተራራ ወጪዎች ሳይቀሩ ብዙዎች የሚጎዱት ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ መሆኑን ነው። ሰው ሲወርድ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ይደክመዋል፤ ይቸኩላል። ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባለታክሲ ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

ለሁለተኛው ጉዞ ከካናዳ የተራራ መሪዎች ማኅበር የምስክር ወረቀት ያላት መሪ ቀጠርን። ዋጋው የሁለት ቀን ገቢዬን ወስዷል። በዚያ ላይ ወደ ካናናስኪስ አካባቢ በመኪና ለሚገባ ሰው በዚያን ጊዜ የቀን መግቢያ 15 ዶላር ይከፈል ነበር። መሪዋ ሴት መሆኗን ለባለቤቴ ስነግራት «ይኼኔ ጥሩ ነው፤ የሚያስብ ሰው አብሯችሁ አለ» አለችኝ።

ቀኑ መስከረም 5 ነበር፤ የአቦ ዕለት። አስፐን የሚባሉት ዛፎች ቢጫ መሆን ጀምረዋል። አደይ አበባ በሌለበት አገር መስከረምን የሚያስታውስ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። በጫካው ውስጥ ስንሄድ ድብ በድንገት እንዳናገኝ ድምፅ ማሰማት አለብን አለች መሪዋ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር እንደኖሩ፣ ስለ ድብ ግን ገድላቸው ላይ ሰምቼ እንደማላውቅ ለልጄ እየነገርሁት «አበባዬሆሽ»ን በትልቁ ማዜም ጀመርሁ። «አባዬ፣ እሱ የሴቶች ዘፈን ነው» አለኝ። ድቡ አያውቅም አልሁት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ስልኩ እንደ ልማዱ «ደርሳችኋል» አለ። መሪዋ የራሷን ገመድ አወጣች። የክንዴን ታሪክ ልጄ ነገራት። አልሳቀችም። እሷም ገመድ በገዛች ቁጥር፣ ጫፉንም በቆረጠች ቁጥር፣ በእጇ ዘርግታ ትለካለች። ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ ቋጠረቻቸውና ወረወረች።

መጀመሪያ ልጄ ወረደ። እኔ አላየሁም፤ ገደሉ ሆድ አለው ብያችኋለሁ። የማየው ገመዱ ሲወጠርና ሲላላ ብቻ ነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገመዱ ላላ፤ ከታች ድምፅ መጣ። የእኔ ተራ ሆነ።

በዚህ ሥራ ከባዱ የመጀመሪያው አንድ ሜትር ነው። ሰው ዕድሜውን በሙሉ «ከገደል ራቅ» ሲባል ኖሮ፣ አሁን ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ በባዶ አየር ላይ እንደ ወንበር ሊቀመጥ ይገባዋል። ቀጥ ብላችሁ ከቆማችሁ እግራችሁ ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ከተኛችሁ እግራችሁ ዐለቱን ይረግጣል። ልቦና የሚለውና ፊዚክስ የሚለው እዚያ ላይ አይስማሙም። መሪዋ «ተቀመጥ» አለችኝ። ጉልበቴን ብርክ ያዘው። ቀኝ እጄ ገመዱን ጨብጦ አልላቅቅ አለ። ስንት ደቂቃ እንደቆምሁ አላውቅም፤ መሪዋ አላቻኮለችኝም።

ከታች ልጄ ጠራኝ። የሁለቱን ገመድ ጫፍ ይዞ ቆሟል፤ ከታች የቆመው ሰው ከሳበው ገመዱ በብረቱ ውስጥ ስለሚታነቅ፣ የወራጁ እጅ ቢያመልጠው እንኳ እዚያው ያቆመዋል። ይህን ክረምቱን ተምረነዋል።

«አባዬ! ገመዱ መሬት ደርሷል! እኔ ይዤዋለሁ!»

በአማርኛ ነው የተናገረው።

ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው ብል አጋነንሁ፤ ግን ይቻላል። እርከኗ ላይ ስደርስ ሣጥኑን አየሁት፤ ልጄ ሳይከፍት ትቶልኛል። አረንጓዴ የወታደር የጥይት ሣጥን! ውኃ ስለማያስገባ ለዚህ ጨዋታ የሚመርጡት እሱን ነው። የእኔ ዘመን ልጆች ይህን ሣጥን ያውቁታል፤ ስንቱ ቤት ስኳርና ቡና የተቀመጠበት፣ ስንቱ ሊስትሮ ብሩሹን የያዘበት ነው። በገመድ ተንጠልጥዬ ክዳኑን ስከፍት ያ የጎማና የብረት ሽታ መጣብኝ። ውስጡ አንድ የፕላስቲክ ዳይኖሰር፣ አንድ ኳስ፣ የቁልፍ መያዣና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከእርሳስ ጋር ነበር። እስክርቢቶ በብርድ ስለሚደርቅ ነው እርሳስ የሚያደርጉት።

ባለቤቴ «ይህን አስቀምጡ» ብላ ቆሎ ሰጥታን ነበር። ልጄ ግን ሽታው ድብ ይጠራልና ምግብ ክልክል ነው ብሎ መኪናው ውስጥ አስቀርቶታል፤ ስንመለስ እየቃምነው ነው የነዳነው። በምትኩ ባለ አንበሳውን የአንድ ብር ሳንቲም አኖርሁ። ዋጋው ከዳይኖሰሩ ያንሳል አያንስም ብላችሁ የምንዛሪ ሒሳብ አታስሠሩኝ፤ ዳይኖሰሩንም አልወሰድሁትም። ወረቀቱ ላይ የእኔንና የልጄን ስም በአማርኛ ጻፍሁ። ከአጠገቡ ቀኑን 5-1-2016 አልሁና ዘጋሁት።

መሬት ስደርስ እግሬ መቆም አቃተው፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መሪዋ ተከትላን ወረደች። ከዚያ ልጄ ቋጠሮዎቹን ፈታና አንዱን ጫፍ ይስብ ጀመር። ገመዱ ወደ ላይ እየተሳበ ሄዶ፣ ሄዶ፣ በቀለበቱ ውስጥ አለፈና በጠቅላላው ከሰማይ እንደሚወርድ ነገር እየተጥመለመለ ወደቀ። «መልሶ መጥራት» ያሉት ይህን ነው። ልጄ ገመዱን ሲጠቀልል በክንዱ እየለካ እንደሆነ አየሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረ ነው። አላቋረጥሁትም።

ታኅሣሥ ውስጥ ይመስለኛል፣ ልጄ እየሳቀ መጣ። የሣጥኑ ባለቤት ጽፎለታል። ሰውዬው ወረቀቱን ለመቀየር ወርዶ ኖሮ አንድ የማያውቀው ጽሕፈትና ከጎኑ 2016 የሚል ዓመት አገኘ። ሣጥኑን የደበቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከመደበቁ ከሦስት ዓመት በፊት ማን አገኘብኝ ብሎ ሲደነግጥ፣ ሳንቲሙን አይቶ የኢትዮጵያ መሆኑን ለየና ከጎብኚዎቹ መካከል የእኛን ስም ፈልጎ ደረሰብን። ልጄ ተቀምጦ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ዓመታችን በመስከረም እንደሚጀምር፣ ከእነርሱም በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ ረጅም መልስ ጻፈለት። አንድ ሁለት ቦታ ላይ «አባዬ፣ ጳጉሜ ስንት ቀን ነው?» እያለ እየጠየቀኝ።

ሰውዬው በማግሥቱ መለሰ። «እንግዲያው በእናንተ አቆጣጠር ሣጥኑን ገና አልደበቅሁትም ማለት ነው?» ይላል።